የጎደለው ሊትር

አባ ጠብታ የሚለውን ስም ያወጡለት የውሃ መሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ናቸው። ያወጡለት ለሹፈት ነው፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለው። ሰው ቤት ተጋብዞ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ ከጓዳ «ጠብ» የሚል የቧንቧ ድምፅ ጆሮው ከገባ አለቀለት፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታ አይገባውም። «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ» ይልና እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ጓዳ ይዘልቃል። ሚስቱ በዚህ የተነሳ አብራው ግብዣ መሄድ ያሸማቅቃት ነበር። «የሰው ባል ሲጋበዝ ስጦታ ይዞ ይሄዳል፣ የኔው ጉድ ፒንሳ!» ትላለች። እንዲህ ብትልም ፒንሳውን በቦርሳዋ የምትይዝለት ራሷ ነበረች።

ሥራው ከመሬት ሥር የሚፈስ ውሃ መፈለግ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ መኪና መንጫጫት ሳይጀምር፣ ከቁመቱ እምብዛም የማያንስ የብረት ዘንግ ይዞ ጎዳና ለጎዳና ሲዞር ኖሯል። የዘንጉን አንድ ጫፍ አስፋልቱ ላይ ያቆማል፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «እዚህ ጋ ቆፍሩ» ይላል። ቆፍረው ያጡበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። ጡረታ ሲወጣ ሌላው ሰዓት ሲሸለም እሱ ዘንጉን ስጡኝ አለ፤ ሰጡት። እቤቱ ከበሩ ጀርባ ቆሟል።

እንግዲህ የዚያ ሰው ጆሮ ነው፣ ከክንዱ በማይርቅ ቦታ ሁለት ወር ሙሉ ሲጎድል የኖረ ውሃ ያልሰማው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የትምህርት ቤት ልብስ በእጇ ያለፈ ነው፤ የራሳቸውን ልጅ ግን አልወለዱም። ስድሳ ዓመት ካለፋት በኋላ መጀመሪያ እግሯ፣ ቀጥሎ ፊቷ ያብጥ ጀመር፤ ከዚያ ትንፋሽ አጠራት። ስትመረመር ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ማቆማቸው ታወቀ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ባለ ሆስፒታል ደሟን በማሽን እያሳጠቡ መኖር ግድ ሆነ። ሐኪሙ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ነገራቸው። «ከእንግዲህ የሚጠጡት ውሃ በራሱ የሚወጣበት መንገድ የለውም። እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ እዚያው ይጠራቀማል። ሲበዛ ሳንባና ልብ ያጥለቀልቃል፤ የእርስዎ ልብ ደግሞ ደካማ ነው። በቀን ሦስት ትንንሽ ብርጭቆ ብቻ። ከዚያ በላይ አንዲት ጉንጭ እንዳይጠጡ፣ ሕይወትዎ በዚህ ላይ ነው ያለው።»

አባ ጠብታ ይህን ሲሰማ፣ መናገሩ ያሳፍራል እንጂ፣ ትንሽ ልቡ ቀለል አለው። ስለ ኩላሊት አያውቅም፤ ውሃ መለካት ግን ሙያው ነው። እቤት እንደገቡ አንዲት ብርጭቆ መርጦ በሚስማር ጭሮ ምልክት አደረገባት። ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። ሻይ ካማራት ከዚያው ይቀነሳል፣ መድኃኒት የምትውጥበትም ከዚያው። እሷ ውሃውን ጉንጯ ውስጥ እያንከባለለች፣ እንዳያልቅባት እየሳሳች ትጠጣለች። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ «ዕድሌን እዩልኝ» ትላለች፤ «ውሃ መሥሪያ ቤትን አግብቼ በውሃ ጥም ልሞት!» ሰው ይስቃል። እሱም ይስቃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት አበው እነዚህን ሁለት ሰዎች ሳያውቁ ነው።

ወደ ሆስፒታል የምታመላልሳቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናት፣ አረንጓዴነቷን ፀሐይ የበላባት ትንሽ መኪና ናት። ሚስቱ በታመመች በአምስተኛው ወር የራዲያተሯ የላይኛው ቱቦ ተሰነጠቀ። በመንገዱ አፍ ላይ ጋራዥ ያለው፣ ሰው ቡሎን እያለ የሚጠራው መካኒክ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ቱቦዎቹንም አንድ በአንድ በጣቱ ጨመቃቸው። እንደ ደረቀ ዳቦ ኮሽ አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጎማ ሁሉ አርጅቷል። አምስቱንም ቱቦ ባንድ ቀን ልቀይርልዎት።»

«አንዱ ስለተቀደደ አምስቱ ይቀየራል? ጥርስ አንዱ ቢያመኝ አምስቱን ልትነቅልብኝ ነው?»

«እሱስ ልክ ነዎት፤ ግን ዛሬ አንዱን ቢደፍኑት ነገ ሌላው ነው የሚሄደው።»

«ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ቱቦ ስደፍን የኖርኩ ሰው ነኝ። ውሃ ውሃ ነው።»

«የቤት ቧንቧ እኮ አይፈላም፣ ጋሼ» አለ ቡሎን፤ ሳቁን እየዋጠ።

አባ ጠብታ በዚያች ቃል ተቀየመ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሱም «ራሴ እጠግናታለሁ» ያላትን ቃል ያዘ። የላይኛውን ቱቦ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ጠምጥሞ በሽቦ አሠረው። እሱ ሲጠብቅ የታችኛው አንገቱ ላይ ያዥ ጀመር። ለታችኛው ከሥራ ዘመኑ የተረፈ የቧንቧ ማሰሪያ ቀለበት አመጣና ኃይሉ እስከቻለ አጠበቀው። የቧንቧ ሰው ሕግ ይኸው ነው፣ ካፈሰሰ አጥብቅ። ቀለበቱ ያረጀውን ጎማ እንደ ቢላ በላው። እሱን ቆርጦ አሳጥሮ መልሶ ሲሰካ ደግሞ ወደ ማሞቂያው የሚሄደው ቀጭኑ ቱቦ ተነፈሰ። ጠብ ሲል ስደፍን ማለት ይህ ነው። ቡሎን በዚያ ባለፈ ቁጥር ቆም ይልና «አንዱን ባፈኑት ቁጥር ግፊቱ የደከመውን እየፈለገ ይወጣል፣ ጋሼ» ይላል። አባ ጠብታ ከኮፈኑ ሥር ራሱን ሳያወጣ «መንገድህን ሂድ» ይለዋል።

እልህ ብቻ አልነበረም። ሚስቱ በሳምንት ሦስት ቀን አራት አራት ሰዓት ከማሽን ጋር ታስራ ስትቀመጥ እሱ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ከማፋተግ በቀር ምንም አያደርግላትም። ሐኪሙ ያክማል፣ ነርሷ መርፌ ትሰካለች፣ ማሽኑ ያጥባል። በገዛ እጁ የሚደፍነው አንድ ነገር ፈልጎ ነበር፤ መኪናዋ ሰጠችው። ደግሞ ሚስቱም ከእሱ ጎን ቆመች። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ምናለ ላዋቂ ብትሰጠው» ብላ የምትጨቃጨቀው ሴት፣ በዚህኛው «ቡሎን አይንካት፤ አንተ ታውቅበታለህ» አለችው። ደስ አለው። ለምን እንዲህ እንዳለች ያን ጊዜ አልጠየቀም።

ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ አጋማሽ ላይ ከሁለቱም ወገን የሚወጣ ረጅም ዳገት አለ። መኪናዋ ዳገቱን ስትጨርስ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ቀዩ ላይ ትደርሳለች። እዚያው አናት ላይ ጣውላ የሚሸጥበት ግቢ ነበር፤ ከአጥሩ ጥግ ዛፍ አለ። ሲሄዱም ሲመለሱም ከዛፉ ሥር ያቆማል። ኮፈኑን ወደ ላይ ያነሳና ያቆመዋል። የራዲያተር ክዳን በትኩሱ ከከፈቱት ፊት ስለሚያቃጥል ሩብ ሰዓት ይጠብቃል። እስኪበርድ ድረስ ሽቦ ሲያጠብቅ፣ ቱቦ ሲዳብስ፣ ከራሱ ጋር ሲያወራ ይቆያል። ኮፈኑ ሲነሳ የፊት መስታወቱን ሙሉ ለሙሉ ይጋርዳል፤ እሱ እሷን አያይም፣ እሷም እሱን። ቢጫው አምስት ሊትር ጀሪካን ከእግሯ ሥር ነው የሚቀመጠው። ሲበርድ መጥቶ በሩን ይከፍትና ጀሪካኑን ወስዶ ራዲያተሩን ይሞላል።

በጀሪካኑ ያለው ንጹህ የመጠጥ ውሃ ነበር። ቡሎን ለራዲያተር ተብሎ የሚሸጠውን ባለቀለም ፈሳሽ ጨምር ሲለው «መርዝ አልጨምርም» ብሎታል። ጀሪካኑን ራሱ ያጥባል፣ ውሃውን ራሱ ያጣራል። ቆሻሻ ውሃ ቧንቧ ይዘጋል፤ ይህንንም ከሥራው ያመጣው ነው።

ወር እንዳለፈ ነርሷ ነገር አነሳች። ሁልጊዜ ከማሽኑ በፊት ሚስቱን ሚዛን ላይ ታወጣታለች፤ ከእጥበት እስከ እጥበት የሚጨምረው ክብደት በሙሉ ውሃ ነውና። መዝገቧን ገልብጣ አሳየቻቸው።

«እማማ፣ መጀመሪያ ላይ እንዴት ጥሩ ነበሩ። አሁን ሁልጊዜ ከሚገባው አንድ ኪሎ ይበልጣሉ። ልብዎ ይሄን አይችልም። የሆነ ቦታ ውሃ ይጠጣሉ።»

ሚስቱ እጆቿን ታይ ጀመር። አባ ጠብታ ግን ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ከየት አምጥታ ትጠጣለች? የምትጠጣውን በሙሉ እኔ ነኝ የምለካው! በየቀኑ፣ በእጄ!»

«አባባ፣ እርስዎን አልወቀስኩም እኮ…»

«ሚዛናችሁን አስመርምሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ውሃ ለክቻለሁ፣ በብርጭቆ አልሳሳትም።»

ነርሷ ደግ ልጅ ነበረች፤ መዝገቧን አጥፋ ወደ ማሽኑ ዞረች። እሱም ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ «እኔን ውሸታም ልታደርገኝ» እያለ ተብከነከነ። ሚስቱ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ዛፉ ሥር እስኪደርሱ ድረስ ጀሪካኑን በእግሮቿ መሐል ይዛው ነበር።

እሱ የዚያን ሰሞን ሌላ ጭንቀት ነበረበት። የመኪናዋ የውሃ ሒሳብ አልገጥም ብሎታል። ራዲያተሩን ሞልቶ ሲጨርስ ከአምስቱ ሊትር የቀረውን ለክቶ ልዩነቱን በኪሱ በሚይዛት ማስታወሻ ይጽፋል። ደርሶ መልስ ሦስት ሊትር ይጎድላል። ከየቱቦው የሚንጠባጠበውን ለማወቅ ደግሞ በየመጋጠሚያው ሥር ባዶ ጣሳ በሽቦ አንጠልጥሎ ለካ፤ እንፋሎት ሆኖ የሚሄደውን ገምቶ ቢጨምርበት እንኳ ሁለት ሊትር አይሞላም። አንዱ ሊትር የት ገባ? ካርቶን ከመኪናዋ ሥር አነጠፈ፣ ካርቶኑ ደረቅ ነው። በመጨረሻ ዘንጉን ከበሩ ጀርባ አውጥቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ዳር ቆመ። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ሳቀ። ሚስቱ በመስኮት አየችው። እሷ አልሳቀችም፤ መጋረጃውን ሳበችው።

ነርሷ አንድ ኪሎ በዛ ትላለች፣ ማስታወሻው አንድ ሊትር ጎደለ ይላል። የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው፣ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ኪስ ውስጥ ይዞ አንድ ወር ዞረ። ጎን ለጎን አላስቀመጣቸውም። ከሚስቱ ጋር አርባ ዓመት ሲኖር አንድም ቀን ቆጥሮባት ስለማያውቅ ይሆናል።

ያለው አማራጭ ሞተሩ ውስጥ ለውስጥ ውሃ እየጠጣ ነው ብሎ ማመን ነበር። ለዚህ ደግሞ ሞተር መክፈት ያስፈልጋል፣ ሞተር መክፈት በፒንሳ አይሆንም። አንገቱን ደፍቶ ቡሎን ጋ ሄደ። ቡሎን አልተዛበተበትም። ሁለት ሳምንት ወስዶ ፈታ፣ አየ፣ መልሶ ገጠመ። ሞተሩ ምንም አልነበረበትም። እግረ መንገዱን ማንንም ሳያስፈቅድ አምስቱንም ቱቦ አዲስ አደረገ። የተጠመጠመውን ጎማና ሽቦውን በካርቶን አድርጎ «የእርስዎ ንብረት» ብሎ አስረከበው።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት በታክሲ ነበር የሚመላለሱት። ነርሷ ሚዛኑን አይታ እጇን አጨበጨበች። «እማማ፣ ጎበዝ! ልክ እንደ ድሮው።» አባ ጠብታ «ሚዛኑን አሠሩት ማለት ነው» አለ፤ በድል አድራጊነት። ሚስቱ ግን በእነዚያ ቀናት ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ ጨዋታዋ ጠፍቶ፣ የቀን ብርጭቆዋን ስትጠብቅ ከብርጭቆው ላይ ዓይኗን አትነቅልም ነበር። ሕመሙ ነው ብሎ አዘነላት።

መኪናዋ በተመለሰችበት በመጀመሪያው ቀን ዳገቱን እየዘመረች ወጣችው። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ከመሐል ንቅንቅ አላለችም። ጀሪካኑን በልማድ ሞልቶ እቦታው አስቀምጦታል፤ የሚያስፈልግ ግን አይመስልም። ዛፉን አልፎ ሊሄድ ሲል ሚስቱ ዞር አለች።

«አንቆምም እንዴ?»

«ምን ልንሠራ? ዳነች እኮ! አንድ ጠብታ የላትም።»

ድምፅዋ ተቀየረ። «እንዲያው ለማንኛውም ብታየው አይሻልም? አዲስ ነገር አይታመንም። ትንሽ ቁም።»

ለመኪናዋ ማሰቧ አንጀቱን በላው። ወደ ዳር ያዘና ቆመ። ወርዶ ኮፈኑን አነሳ። ቱቦዎቹ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ደረቅ ናቸው። የሚጠብቅ ሽቦ የለም፣ የሚበርድ ነገር የለም፣ ሩብ ሰዓት የሚያስቆም ምንም የለም። ኮፈኑን ይዞ ወደ ታች ማውረድ ጀመረ።

ግማሽ ድረስ እንዳወረደው በመስታወቱ አያት። ጀሪካኑን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ አዘንብላ፣ አፏን አፉ ላይ ገጥማ ትጠጣለች። ዓይኗን እንደሚጠባ ሕፃን ጨፍናለች።

መጀመሪያ የመጣበት ቁጣ ነው። እጁ በሩን በርግዶ ጀሪካኑን ነጥቆ አስፋልቱ ላይ ሊከሰክሰው ተነሳ። ከዚያ ሁለቱ ቁጥሮች በአእምሮው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ የነርሷ ኪሎና የእሱ ሊትር። ከዚያ ሚስቱ «ቡሎን አይንካት» ያለችው ትዝ አለው። ከዚያ ደግሞ ፊቷን አየ። በስምንት ወር ውስጥ እንዲህ ዓይነት ፊት አላየባትም። አንድም ነገር እንዳላመማት ሴት ነበር የምትመስለው።

ኮፈኑን ቀስ አድርጎ መልሶ ወደ ላይ አነሳው።

ከጀርባው ቆመ። ምንም ያልሆነ ሞተር ላይ አጎንብሶ፣ እንባው በአዲሱ ቱቦ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ቆመ። ጨርሳለች ብሎ ሲያስብ ጮክ ብሎ ሳለ፤ ክዳኑን የምትገጥምበት ጊዜ እንዲኖራት። ሲገባ ከንፈሯን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ ወደ መንገዱ ታያለች።

«እንዴት ናት?» አለችው።

«ደህና ናት» አላት።

የዚያን ዕለት ሚዛኑ ላይ የነርሷ ፊት ጠቆረ። «እማማ! ምነው፣ እንዲህ ጥሩ ሆነው…»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አባ ጠብታ ፈጥኖ። «ስለካላት ተሳሳትኩ። ብርጭቆውን ቀይሬው ነበር።»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። አርባ ዓመት ስታውቀው ውሃ ለክቶ ተሳሳትኩ ሲል ሰምታ አታውቅም። ነርሷ እንደ ልጁ ተቆጣችው፤ «አባባ፣ ይህ እኮ ቀልድ አይደለም፣ ይገድላቸዋል» አለችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ለማንም አልተናገረም። ሆስፒታል በሚሄዱባቸው ቀናት ሁለቱን ብርጭቆ እቤት ያስቀራል፤ የቀኑን አንዷን ብርጭቆ ግን ለክቶ ባዶው ጀሪካን ውስጥ ይጨምራታል። አምስት ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ዳገቱ አናት ላይ ሲደርስ ዛፉ ሥር ያቆማል፣ ጤነኛዋን መኪና ኮፈኗን ያነሳል፣ ሩብ ሰዓት ይቆማል፣ ይስላል፣ ይገባል። ሚዛኑም ተስተካከለ። የጣውላ ቤቱ ዘበኛ «ይህቺ መኪና ዛሬም?» ሲለው «ዛሬም» ይለዋል። አንድ ቀን ቡሎን በዚያ ሲያልፍ አይቶት ደነገጠ። «ጋሼ፣ የኔ ሥራ ነው የፈሰሰው?» አለው። «የለም ልጄ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለው፤ ቡሎን እንዳላመነው ከፊቱ አየ፤ ግን ምን ሊለው ይችላል።

ሚስቱ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ነገሩ የተናገረች ይመስላል። «መኪናችን የምትጠጣው ቀነሰ» አለች፣ መንገዱን እያየች።

«አርጅታለች» አላት። «ብዙ አያስፈልጋትም።»

ዕረፍት ግን አላገኘም። ኮፈኑን ይዞ በቆመባት ሩብ ሰዓት ሁሉ የሚመላለስበት አንድ ነገር ነበር። ቡሎን በመጀመሪያው ቀን አምስቱንም ቱቦ ቀይሮ ቢሆን መኪናዋ አትሞቅም ነበር፤ ካልሞቀች መቆም የለም፤ መቆም ከሌለ ጀሪካን የለም። ያ ሁሉ ውሃ፣ በየሁለት ቀኑ አንድ ሊትር፣ ልቧ ላይ የተከማቸው በእሱ እልህ ነው። ለጠላት እንኳ የማያደርጉትን አድርጓል፤ ለተጠማ ሰው የተከለከለ ውሃ ከእግር ሥር አስቀምጦ መጋረጃ ጋርዶለት ሄዷል።

ከሦስት ወር በኋላ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ቆሙ። ኮፈኑን አነሳ፣ ሩብ ሰዓቱን ጠበቀ፣ ሳለ፣ ኮፈኑን ዘጋ። ሲገባ ጀሪካኑን አየው። ውሃው እንዳለ ነው። ክዳኑ አልተከፈተም። እሷ ጭንቅላቷን መቀመጫው ላይ አስደግፋ በግማሽ ዓይን ታየዋለች፤ ጣቶቿ ክዳኑ ላይ ናቸው፤ መክፈት አቅቷቸው ነው።

ዞሮ በእሷ በኩል ያለውን በር ከፈተ። ክዳኑን ፈታ፣ ጀሪካኑን አነሳና አፉን ወደ ከንፈሯ አስጠጋላት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቀላል።

«ቱቦው አዲስ ከሆነ ቀን።»

«ዓይኔን ስከፍት ኮፈኑ ከግማሽ ተመልሶ ሲነሳ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ?»

ጀሪካኑን አዘነበለላት። ሁለት ጉንጭ ዋጠች፤ የቀረው በአገጯ፣ በአንገቷ፣ በቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ለአንዲት ጠብታ ከግብዣ ይነሳ የነበረው ሰው ውሃው ወርዶ መኪናዋ ወለል ላይ ሲጠራቀም እያየ እጁን እንኳ አላነሳም።

ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል ውስጥ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ነርሷን ፈልጎ ሄዶ እውነቱን በሙሉ ነገራት። «ያ ውሃ ነው የገደላት?» አላት። ነርሷ «አባባ፣ የእማማ ልብ ድሮም ደክሞ ነበር» አለችው። ይህን ያለችው እውነት ስለሆነ ይሁን ስላዘነችለት አላወቀም። ድጋሚ አልጠየቃትም።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን አልነዳትም። ከወር በኋላ ቡሎን «ቆማ እንዳትበላሽ» ብሎ መጣና አስነሳት። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቆ ኮፈኑን ከፈተ፣ ከሥሯም ተንበርክኮ አየ። አባ ጠብታ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ቡሎን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ በሥራው ኮርቶ፣ ፈገግ ብሎ መጣ።

«አንድ ጠብታ የለም፣ ጋሼ! መጀመሪያውኑ አምስቱንም ባንድ ቀን እንቀይር ብዬ ነግሬዎት ነበር እኮ!»

«ነግረኸኝ ነበር» አለ አባ ጠብታ።